ለሚያስል ልጅ የተከለከለ ሥጋ

ዘሙሩድ ስትቆጣ ኮተቤ ሙሉ ይሰማል ይባል ነበር። ውሸት አይደለም። በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ወዳጁን ያለ ተራው ያስቀደመውን አብዮት ጠባቂ በሰው ፊት «አብዮቱን የምትጠብቀው ከኔ ዘይት ነው እንዴ?» ያለች ሴት ናት። ሰልፈኛው በፍርሃት አንገቱን ደፋ፤ እሷ ዘይቷን ይዛ ቤቷ ገባች። እንዲህ ያለችው ሴት አማቷ ፊት ስትደርስ ግን አፏ ይታሰራል።

ባሏ ሳልህ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም እናቱ እትዬ ሰዓዳ ካሉት ውልፍት አይልም። አንድ ልጃቸው ከማል ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ከሳል ተላቆ አያውቅም። መርፌ ተወግቶ ዳነ ሲባል ወር ሳይሞላው ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ የጎድን አጥንቱ እየተሰረጎደ በስንት መከራ ይተነፍሳል። ጎረቤቱ ሁሉ «የእንጦጦ ብርድ ነው» ይላል። ብርድ! የነሱ ልጆች በዚያው ብርድ ሲፈነጩ አይውሉም እንዴ?

እትዬ ሰዓዳ ደግሞ ሕግ ነበራቸው። የሚያስል ልጅ ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይቀምስም፣ ወተት አይነካም። «አክታ ያበዛበታል» ይላሉ። ልጁ መቼ ሳል ለቆት ያውቃል! ስለዚህ ክረምት ከበጋ ቀጭን አጥሚት ነው። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ አጥሚቱን ራሳቸው አማስለው፣ ራሳቸው አብርደው፣ በገዛ እጃቸው ነው የሚያጠጡት።

ከማል እንደገና ሆስፒታል ሲተኛ ዶክተር ተክለጻድቅ የሚባል ሐኪም ደሙን ወሰደ። ሐኪሙ ደረታቸው እየተመላለሰ የሚታመምባቸውን ሕፃናት ያጠና ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ዘሙሩድን አስጠራት።

«ልጅሽ ዚንክ የሚባል ንጥረ ነገር በጣም አንሶታል» አላት። «ሰውነት በሽታን የሚከላከለው እሱም ሲኖር ነው። ምንድን ነው የምታበሉት?»

«አጥሚት።»

«ሌላስ?»

«አጥሚት ብቻ» አለች ዘሙሩድ።

«መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ እሱ ግን ያልቃል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ ካልበላ ይዘሽው መመለስሽ አይቀርም። አንድ ቀን ደግሞ ላንደርስለት እንችላለን።»

አውቶቡሱ ኮተቤ እስኪደርስ ደሟ ፈላ። በአማቷ ተናደደች፣ በባሏ ተናደደች፣ አፏን ዘግታ በኖረችው በራሷ ደግሞ ይብስ ተናደደች።

የፈነዳችው የአረፋ ዕለት ነው። ሳልህ በግ አርዷል፤ ዘመድና ጎረቤት ትሪ ከቧል። ከማል ጥግ ላይ አጥሚቱን ይዞ የሰዉን አፍ ያያል። ዘሙሩድ ለሳልህ የተጠበሰውን ጉበት ከፊቱ አነሳችና ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታጎርሰው ጀመር።

«አንቺ! ልጁን ልትገዪው ነው?» ብለው እትዬ ሰዓዳ ተነሡ።

«በረሃብ ከሚሞት ጠግቦ ይሙት! ይኼን ልጅ ብርድ አይደለም የጣለው፣ የእርስዎ አጥሚት ነው! ወላሂ፣ እጁን የሚሰነዝር ካለ ያሳየኝ!»

ሳልህ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ። ማንም እጁን አልሰነዘረም።

በሳምንቱ ከማል አሳለ። ወይ ጉድ! ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን ቀሰረባት፤ እትዬ ሰዓዳም ምራታቸውን ማናገር ተዉ። ቢሞትባት ማን ይምራታል? መድኃኒቱን ሰጠችው፣ እያሳለም እንቁላሉን አበላችው። ሳሉ ደረቱ ሳይገባ ለቀቀው። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ከማል ሆስፒታል አልተኛም። ጉንጩ ሞላ፣ ሲሮጥ የሚይዘው ጠፋ።

ዘሙሩድ ይኼን ቀን ነበር የምትጠብቀው። አማቷ በር ላይ ተቀምጠው ልጁ ኳስ ሲያባርር ሲያዩ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አዩት? ይኼን ሁሉ ዘመን በረሃብ ሲገርፉት ኖረው!»

እትዬ ሰዓዳ ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አላነሱም።

«ከሳልህ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «ሳፊያ። እሷም ታስል ነበር። ‹እማ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ› እያለች ሥጋ ስትለምነኝ፣ ትድንልኛለች ብዬ ከለከልኳት። ሳትቀምስ ቀበርኳት።»

ዘሙሩድ ስንት ወር ስታዘጋጀው የኖረችው ስድብ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ንዴቷ እንዳለ ነው፤ የምትወጣበት ሰው ግን ጠፋባት።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሏት እትዬ ሰዓዳ። «ተቆጪኝ እንጂ!»