ከሌላ አንድ ሰው ጋር

ሽማግሌው ሁልጊዜ ቀትር ላይ ይመጣሉ። ሱሪያቸው በካውያ የተተኮሰ ነው፤ ጭምብላቸው ግን ከሴት ቀሚስ የተቆረጠ አበባማ ጨርቅ ነው። በኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ኑድል ቤት ያላት ማልሱን በር ላይ ሙቀታቸውን ስትለካ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቡራኬ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ይሉላታል።

ከዚያ ለኮሮና ሲባል በሩ ላይ የተቀመጠ የተመጋቢዎች መዝገብ አለ። አብረው ከመጡት አንዱ ስሙንና ስልኩን ጽፎ «ከሌላ አንድ ሰው ጋር» ብሎ ያልፋል፤ የሁሉም ልማድ ነው። ሽማግሌውም እንደዚያው ይጽፋሉ። የሚመጡት ግን ብቻቸውን ነው።

«አባባ፣ ሌላው ሰው የታለ?»

«ትመጣለች። እርምጃዋ ዝግ ያለ ነው።»

ማልሱን አትከራከራቸውም። በጠረጴዛቸው መሃል ከቆመው የፕላስቲክ ግርዶሽ ማዶ ያለው ወንበር እንደሆነ በመንግሥት ትእዛዝ ባዶ ነው።

አንድ ቀን ከተመጋቢዎቹ አንዱ በሽታው ተገኘበትና የጤና ቢሮ ሰዎች መዝገቡን ወሰዱ። መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው የለም አይባልምና ለሽማግሌው ደውለው «ሁለታችሁም ለአስራ አራት ቀን ከቤት እንዳትወጡ» አሏቸው። የሁለት ሰው ምግብም በሁለት ካርቶን ላኩላቸው።

በአስራ አምስተኛው ቀን ሽማግሌው አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ታቅፈው መጡ።

«ለቤቱ ይሁን። የሷ ድርሻ ነው፤ አልነካችውም።»

«አመማት እንዴ፣ አባባ?»

«ኧረ ደህና ናት።» እስክሪብቶውን አንስተው ስማቸውን ብቻ ጻፉ። «ሁለት ሳምንት አብሬያት ዋልኩ አይደል? ዛሬ ብቻህን ሂድ አለችኝ።»