አራቱ ዓሣዎችና የፋይል ፈላጊው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ ላምበረት ስደርስ ቢሮውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው ተብያለሁ፤ አሳንሰሩ አይሠራም ተብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነበር። የተቸገርኩት ከገባሁ በኋላ ነው።

አለቃችን ኤርሚያስ፣ በኋላ ሁላችንም ኤርሚ የምንለው፣ ወንበርና ኮምፒዩተር አሳየኝና «ደረሰኝ የሚያትመውን ፋይል ክፈቺና አንብቢው፤ ከምሳ በፊት እናወራበታለን» ብሎ ወደ ስብሰባ ገባ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በጥሩ ውጤት ነው። ፋይል መክፈት ምን ያቅታል ብዬ ተቀመጥኩ።

ፎልደሩን ከፈትኩ። ውስጡ ፎልደር አለ። እሱን ስከፍተው ሌላ ፎልደር። የቢሮው ልጆች ለፋይሎቻቸው ስም የሚያወጡት በአማርኛ ቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። አንዱ ደረሰኝን በአንድ ኤስ ጽፎታል፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው ደግሞ አናባቢ የሚባል ነገር አያስፈልግም ብሎ ወስኗል። ኤርሚ ከስብሰባ ሲወጣ እኔ ደመወዝ የሚያሰላው ክፍል ውስጥ ጠፍቼ ነበር።

«አገኘሽው?»

«እየቀረብኩ ነው» አልኩት።

በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብሎ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ የኤዲተሩ፣ አናት ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ሦስት ፊደል፣ ያውም ያልተሟሉ፣ ጻፈባት። ፋይሉ ተከፈተ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የፋይል ፈላጊ። ስሙን አስተካክለሽ ባታውቂው ግድ የለውም፤ የምታስታውሺውን ያህል ጻፊለት፣ የቀረውን ይገምታል።»

በፕሮግራመርነት ብዙ ሠርቻለሁ፤ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ። አሁን ሥራውን ለጀመራችሁ ልጆች መንገር የምፈልገው ግን የዚችን ትንሽ ሳጥን ነገር ነው። ያሳቀችኝም ያሰቃየችኝም እሷ ነች።

ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ አንድ አሳታሚ ቤት ደንበኛችን ሆነ። ቢሮው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። መኪና የሌለው ሰው እዚያ ሲደርስ ሰላምታ ለመስጠት መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል። ለተማሪዎች የሚሆን ኢንሳይክሎፒዲያ እያዘጋጁ ነበርና እኛ የአማርኛ ኤዲተር ሠራንላቸው። እያንዳንዱ ርእሰ ጉዳይ የራሱ ፋይል ነው፤ የፋይሉ ስም በአማርኛ ነው። ተራራ፣ ወባ፣ ጥርስ፣ ጨረቃ፤ ማለቂያ የለውም።

አንድ ቀን የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ገነት ደወለችልኝ።

«ትዕግሥት፣ ዓሣው አራት ሆነብን።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንዷ ጸሐፊ ዓሣ የሚል ፋይል ፈልጋ አጣች፤ የለም ብላ አዲስ ጀመረች። ሌላዋም እንደዚያው። አሁን ዓሣ አለ፣ አሳ አለ፣ ዓሳ አለ፣ አሣ አለ። በአንዱ ላይ ዓሣ በሳምባ አይተነፍስም ይላል፤ በሌላው ላይ ሳምባ ያለው ዓሣ አለ ይላል። የትኛው ነው የሚታተመው?»

ለኤርሚ ነገርኩት። «ያቺን ፈላጊ ለእነሱም አስገቢላቸው» አለኝ።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ፈላጊውን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ በነፃ የሚገኝ፣ ብዙ ሰው የሞከረው አለ። የኛ ሥራ ማገናኘት ነው። ኤዲተሩ የፋይሎቹን ስም ሁሉ ያቀብለዋል፤ ፈላጊው ሰውየው የሚጽፈውን እያየ የማይመስሉትን ያወጣል፣ የሚመስሉትን ወደ ላይ ያመጣል፤ የተመረጠውን ለኤዲተሩ ይመልሳል፤ ኤዲተሩ ይከፍተዋል። «የሁለት ቀን ሥራ ነው» አልኩት ኤርሚን። ይህን ዓረፍተ ነገር በዚህ ሙያ ውስጥ ተናግራችሁ ታውቁ ከሆነ የቀጠለውን ትገምታላችሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ኪቦርዱ ነው። «ሳ»ን ለመጻፍ ስትነኩ መጀመሪያ «ስ» ይመጣል፤ አናባቢው ሲጨመር ነው «ሳ» የሚሆነው። ፈላጊው ይህን አያውቅም። «ስ»ን እንዳየ ስንዴና ስልክ ይዞ ይመጣል፤ «ሳ» ሲሆን ሁሉንም ጥሎ ሳርና ሳሙና ያመጣል። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ገነት ስታየው «እኔን ዐይኔን አመመኝ» አለች። ፊደሉ እስኪረጋ ድረስ ትንሽ እንዲታገሥ አደረግኩት።

ከዚያ የዓሣው ጉዳይ መጣ። ለኛ ሰ እና ሠ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ፈላጊው ሲያወዳድር ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ፣ ሰ እና ሠን እንደ አንድ፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ እንዲቆጥር አዘዝኩት። በዚህ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። ሰው ቸኩሎ ሲጽፍ ሣልሱን በሳድስ፣ «ሪ»ን በ«ር»፣ ይሳሳታል ብዬ አናባቢውንም ችላ እንዲል አደረግኩት። በራሴ በጣም ረካሁ።

ለማሳየት ዳገቱን ወጣሁ። የአሳታሚው ቤት ባለቤትና ዋና አርታኢው መምህር ኅሩይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። መምህር ኅሩይ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ስሜን ጠይቀውኝ «ትዕግሥት» ብለው በዐይኑ ዕ እና በንጉሡ ሥ አሟልተው ጻፉት። እኔ ራሴ እንደዚያ ጽፌው አላውቅም። የኤዲተራችን መቆየት አለመቆየትም በእሳቸው ቃል የሚወሰን ነበር።

ባለቤቱ «እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉና የሚኖሩበትን ሰፈር ስም ጻፉ፤ መሪ። ስለ መሪ ሰፈር የተጻፈ ነገር በኢንሳይክሎፒዲያው ውስጥ አልነበረም። ፈላጊው ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። አናባቢውን ችላ ብሎ፣ መ እና ር ያለበትን ፈልጎ፣ መርዝ የሚል ፋይል አናት ላይ አስቀመጠላቸው።

ባለቤቱ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሰፈሬን ከየት አወቀው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ገነትም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች።

መምህር ኅሩይ አልሳቁም። «እንዴት ነው የሚያመሳስለው?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ስለ አናባቢው ስናገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ይቆጥራል ስል መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ አንድ ናቸው ነው የምትዪኝ?»

«አይደሉም መምህር፤ ፍለጋው ላይ ብቻ ነው።»

«ዛሬ ፍለጋው ላይ፤ ነገ ጽሑፉ ላይ። እኔ ልጆች እንዲለዩ መጽሐፍ አዘጋጃለሁ፤ አንቺ ከኋላዬ መጥተሽ ትደባልቂያለሽ!»

«ሰው ሲፈልግ ይሳሳታል እኮ መምህር...»

«ከተሳሳተ አያግኛ! ሲያጣው ይማራል።»

ባለቤቱ ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ኤርሚ ሲሰማ አልተከራከረም። «የፊደሉን ነገር አውጪው። ደንበኛችን ናቸው፣ እሳቸውን ካጣን ደግሞ ሥራውን አጣን» አለኝ። አናባቢውንም አስተካከልኩ፣ ፊደሎቹንም እንደየራሳቸው እንዲቆሙ አደረግኩና ጫንኩላቸው። ፈላጊው አሁን እንደ መምህር ኅሩይ ሆነ፤ ካልተሳሳታችሁ ያገኝላችኋል። የኔን ግን አልጣልኩትም፤ ላፕቶፔ ላይ አስቀመጥኩት። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ሁሉ በሐሳቤ እከራከራቸው ነበር፤ እዚያ ሁልጊዜ አሸንፋለሁ።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲቃረብ ገነት እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው። «ቶሎ ድረሽ፤ የመምህር ጽሑፍ ጠፋ።»

ስደርስ መምህር ኅሩይ ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመዋል፤ መቀመጥ አልቻሉም። ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የጻፉት ረጅም ጽሑፍ ነው። በእጃቸው ጽፈው ለጽሕፈት ክፍል ሰጥተዋል፣ ተተይቧል፣ እሳቸውም ከጸሐፊዋ ጋር ተቀምጠው አርመውታል። አሁን ግን የለም። የእጅ ጽሑፉ ከተተየበ በኋላ ተወግዷል። የተየበችው ልጅ ደግሞ አግብታ ሐዋሳ ገብታለች፤ ስልኳ አይነሣም።

«ሥዕል ብዬ ጻፍኩ፤ የለም ይላል» አሉኝ። «ገነትም ዝርዝሩን በፊደል ተራ አይታዋለች። የለም። ያን ሁሉ እንደገና መጻፍ አልችልም፤ ያየኋቸውን ግድግዳዎች እንደገና ለማየት ጉልበቱም የለኝ።»

ታክሲ ውስጥ የተከራከርኳቸው ሰውዬ እኚህ አልነበሩም። ማሸነፍ የሚባለው ነገር ከልቤ ወጣ።

«መምህር፣ በኔ ላፕቶፕ ልሞክር? ያኛው አለ።»

ምን እንደሆነ ገባቸው። «ሞክሪ» አሉ።

«እርስዎ ይጻፉት።»

ተቀምጠው በሁለት ጣታቸው፣ ንጉሡን ሥ እና ዐይኑን ዕ ፈልገው፣ ሥዕል ብለው ጻፉ። ከሥር አንድ ስም ብቻ መጣ፤ ስእል። ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር ሲያነቡ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጽሑፋቸው ነው። ኮምፒዩተሩ በፊደል ተራ ሥን ከስ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ገነት መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ስትፈልገው፣ እሱ መሆን በማይገባው ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ገነት «ተመስገን!» ብላ ወንበር ላይ ወደቀች። እኔም ምስጋና ጠበቅኩ።

መምህር ኅሩይ መነጽራቸውን አስተካከሉና ስክሪኑን በጣታቸው መቱት። «ማነው ሥዕልን በእሳቱ ስ የጻፈው?»

ከዚያ በኋላ ነው አብረን የተቀመጥነው። ከእሳቸው ጋር ስሠራ አንድ ነገር ገባኝ፤ የፈሩት መገኘቱን ሳይሆን ስሕተቱ ተደብቆ መኖሩን ነው። «ያግኘው» አሉኝ፤ «ግን በትክክል የተጻፈው ከላይ ይሁን። የተሳሳተው ከሥር ይምጣ፤ ደግሞ ቀይ ይሁን።»

«ቀይ?»

«ቀይ። ይፈር።»

ለፋይል ኀፍረት የሠራሁት ያኔ ብቻ ነው። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነበር፤ ጸሐፊዎቹ የፈለጉትን ያገኛሉ፣ የተሳሳተ ስም ደግሞ በታየ ቁጥር ይታረማል። መምህር ኅሩይ ሱስ ያዛቸው። ጠዋት እንደገቡ ምንም ሳይጠፋባቸው ይፈልጉ ነበር፤ አንድ ፊደል ጽፈው ቀዮቹን ያድናሉ። ከጽሕፈት ክፍሉ «ገነት! ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈብኝ ማነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። መጽሐፉ ሲታተም ዓሣው አንድ ነበር፤ ሳምባ ያላቸውም እንዳሉ በአንድ አንቀጽ ተጠቅሷል።

መምህር ኅሩይ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደወሉልኝ። «ያንን ፈላጊ ቤቴ ኮምፒዩተር ላይ ባለው ኤዲተራችሁ ውስጥ ጫኚልኝ። ብዙ ጽፌ የምፈልገውን አላገኝ አልኩ።»

ቤታቸው ጉራራ ነው። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ፤ ሻይ አቀረቡልኝ። ፈላጊውን ጫንኩ። «እስቲ ይሞክሩት» አልኳቸው።

ስለ ልጅነታቸው የጻፉትን ነበር የፈለጉት። ልጅነት ብለው ጻፉ። ምንም። ትምህርት ቤት ብለው ጻፉ። ምንም። የተወለዱበትን አገር ጻፉ። ያ ባዶ እጁን መመለስ የማይወደው ፈላጊዬ ቁጭ ብሎ አየን።

ፎልደሩን ከፈትኩት። ርዕስ አልባ አንድ። ርዕስ አልባ ሁለት። ርዕስ አልባ ሦስት። እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። በፊደል ምክንያት ከሰው ጋር የተጣሉት ሰውዬ ለአንድም ፋይላቸው ስም አላወጡም።

«መምህር» አልኩ፤ «ስም የለውም እኮ።»

«አለው እንጂ። ርዕስ አልባ ይላል። ይህን ስም የሰጠው ያንቺ ኤዲተር ነው፤ ያውም ርእስን በዐይኑ ዕ ጽፎ። በአልፋው እ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እያየሁ ዝም አልኩሽ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ታፍሪያለሽ ብዬ» አሉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ከሰዓቱን ሙሉ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን ስም አወጣንላቸው። በእያንዳንዱ ላይ ተከራከርን። ጥቂቱን እኔ አሸነፍኩ።

ለጀማሪዎች የምለው ይሄን ነው። ጥሩ ፈላጊ የተሳሳተ ስም ያገኛል፤ የተረሳ ስም ያገኛል፤ ግማሹ የቀረ ስምም ያገኛል። ስም ያልወጣለትን ግን አያገኝም። አዲስ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ ስም ስጡት፤ ከዚያ ጻፉ።