አንድ ዓይን ያለው ፈረሰኛ

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ልሳልህ አለችኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ መንገዱን እያየሁ ስለነበር ከጎን ሆና ሳለችኝ። ወረቀቱን ስታሳየኝ ቁጣ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ሌላው ዓይኔስ ብዬ ጮኽኩባት። እሷ እቴ፣ አልደነገጠችም።

«በዚያ በኩል ነዋ፣ አቦሓጎ። ከዚህ አይታይም እንጂ አለ።»

አያቷን በትግርኛ ነው የምትጠራው። እኛ ከወሎ የመጣን ነጋዴዎች ብንሆንም መቐለ ካሳደገን ቆይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ የቀኝ እጄ ጣቶች ይጠዘጥዙኛል።

ጣቶቼ የተሰበሩት ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን በወጣ ማግሥት ነው። ትምህርት ቤታችን ጣልያኖቹ ትተውት የሄዱት መጋዘን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የናፍጣ ሽታ ከግድግዳው ይወጣል። ሥዕል የሚያስተምሩን መምህር ኪዳነ ቤተ ክርስቲያን ሲስሉ ያረጁ ሰው ነበሩ። ወረቀት ስላልነበረ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው ለእያንዳንዳችን አካፈሉን። በከሰል እንነድፋለን፣ ቀይ አፈር በመጅ ፈጭተን እንቀባለን። ያያችሁትን ሳሉ፣ ያላያችሁትን አትዋሹ ይሉን ነበር። አለንጋ ከእጃቸው አይለይም፤ መስመር የጠመመበት ሁሉ ይቀምሳታል። እኔ ግን እወዳቸው ነበር። ከአባቴ የጨውና የበርበሬ መደብር ሌላ ዓለም መኖሩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ተስፋይ አብሮኝ የሚቀመጥ ጓደኛዬ ነበር። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን፣ ሥጋ አንካፈልም። በለስ ግን እንካፈላለን። እሾኹን አፈር ላይ አንከባሎ ያራግፍና ልጦ የመጀመሪያዋን ሁልጊዜ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። አባቱ በጦርነቱ ሞቷል፤ ፎቶግራፍ አልቀረለትም። ለወላጆች በዓል እናቱ ሲመጡ አባቱን ግድግዳው ላይ እንዲያገኙት ሳልልኝ ብሎ ለመነኝ። አይቼው የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ አልኩት።

«እናቴ ቁርጥ አባትህን ትለኛለች» አለ። «እኔን እያየህ ሳለው።»

መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ እንዲመለከት ነገርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኑ እያየሁ፣ እስኪያልቅ ማንም እንዳያይ በነጠላ እየጋረድኩ ሳልኩና ፈረስ ላይ አወጣሁት። እንደዚያ ሥዕል የኮራሁበት ነገር በሕይወቴ የለም።

ሲያልቅ ና እይ አልኩት። መምህር ኪዳነ አልገቡም ነበር። ከኋላ አንድ ዲያቆን ልጅ ሳቀ። ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይን ይሳላል። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ከሃዲ ሁሉ፣ በጎኑ ነው፤ በአንድ ዓይን። እኔ የመስጊድ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥሩን እንጂ ውስጡን የት አውቄ!

ተስፋይ መጁን አነሳ። እጄ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ሕመሙ ኋላ ነው የመጣው።

«መን ነጊሩካ?» ይለኛል፤ ማን ነገረህ ማለቱ ነው። በመጁ ደገመኝ። «አባቴ ለጣልያን ማደሩን ማን ነገረህ?»

ሦስተኛ ሊመታኝ ሲያነሳ ከአፉ የወጣውን ሰማ። ማንም አልነገረኝም ነበር። ከእሱና ከእናቱ በቀር የሚያውቅም አልነበረም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መጁ ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ ክፍል አባቱን ወይም አጎቱን በጦርነቱ ያላጣ ልጅ አልነበረም። የባንዳ ልጅ እያሉ ተረባረቡበት፤ በቡጢ፣ በእርግጫ፣ አንዱ በተሰበረ የወንበር እግር። ተስፋይ ራሱን እንኳ አልሸፈነም። እኔ የተሰበረ እጄን አቅፌ ተቀምጬ አየሁ። ደስ አለኝ። ምቱት፣ ጨምሩለት አልኩ። መምህር ኪዳነ ደርሰው በአለንጋ ባይበትኗቸው ኖሮ ይገድሉት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተስፋይ ከእናቱ ጋር ወደ አባቴ መደብር ደጃፍ መጣ። ያንኑ መጅ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፤ ቀዩ አፈር ከላቡ ጋር በአንገቱ ይወርዳል። ልማዱ ይታወቃል፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ የተበደለው በገዛ እጁ ያወርድለታል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። በቀረችው ያየኛል።

«አውርድለት፣ ሰይዶ» አለኝ አባቴ። «አላህም ይምራል።»

«እጄ ተሰብሯል፤ አልችልም» አልኩ።

አባቴ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ድረስ እንደጎነበሰ ቆመ፤ ከዚያ ድንጋዩን እንደተሸከመ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ትምህርት ቤት ዳግም አልመጣም። እናትና ልጅ አገር ለቀቁ አሉ። መምህር ኪዳነ ፈረሰኛውን ኖራ ቀቡት።

የእኔ ጣቶች አልቀኑም፤ ሥዕሉ ቀረና ጨውና በርበሬውን ወረስኩ። ስለ ጠማማዋ እጄ ለጠየቀኝ ሁሉ በድንጋይ የመታኝን ልጅ ታሪክ እነግረዋለሁ። የደጃፉን ነገር ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ትናንት ልጅቷን ጠርቼ በጎን ተቀመጥኩላትና እንደገና ሳይኝ አልኳት። ከሰሏን ስታነሳ እጇን አየሁ፤ ግራኝ ናት። ለካ በግራም ይቻላል። ያን ቀን አልችልም ያልኩት ውሸት ነበር። የተሰበረችው ቀኜ ናት፤ ግራዬ ደህና ነበረች።