መልሱ በጆሮዋ የሚነገራት ልጅ

ልጅ ሳለሁ ጫንጮን ስንት ጊዜ ለሰው እንደሰጠሁት አላስታውስም። እንቆቅልሽ ባቃተኝ ቁጥር የምሰጠው አገር እሱ ነበር፤ ሆለታን ስለምወደው እስከ መጨረሻው እደብቀዋለሁ። ተቀባዩ ኦቦ ገመዳ ነበሩ፣ የግራዝማች ደምሴ የድርቆሽ ጠባቂ።

እናቴ በግራዝማች ግቢ ላም ታልብ ነበር። ሱሉልታ ላይ ፀሐይ ጠልቃ ብርዱ ሲወርድ፣ የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ አጥና እስክትጨርስ ድረስ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ፍሙ አጠገብ ኩርምት ብዬ እጠብቃታለሁ። ያኔ ኦቦ ገመዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይገባሉ፤ ኩራዙን ወደ ጥግ ገፋ ያደርጉና መጀመሪያ እንቆቅልሽ፣ ከዚያ ተረት። እንቆቅልሹ ሳይፈታ ወይም አገር ሳይሰጥ ተረት የለም። ጫንጮን ስንሰጣቸው «ጫንጮ ገብቼ፣ ቅቤውን በልቼ፣ ጠጁን ጠጥቼ፣ ለእናንተ አጥንቱን ጥዬ…» እያሉ ካበሸቁን በኋላ ነው መልሱን የሚነግሩን።

ሰብለ የግራዝማች አንድ ልጃቸው ናት፤ ዕድሜያችን እኩል ነው። ቀይ ጫማ ስትል ቀይ ጫማ ከአዲስ አበባ ይመጣላታል፤ ጥጃ ስትል ጥጃው ቃጭል ታስሮለት ይሰጣታል። እንቆቅልሽ ግን ከአዲስ አበባ አይመጣም። አንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ተሸነፈችና «አገሬን አልሰጥም!» ብላ አለቀሰች። ግራዝማች ልቅሶዋን ሰምተው መጡ።

«ምነው ኦቦ ገመዳ፣ ልጄን ያስለቅሷታል?»

«ጨዋታ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው መልሱን አስቀድመው በጆሮዋ ይንገሯት። ካልሆነ ድርቆሹ ዘንድ ያምሹ።»

ድርቆሹ የተከመረው ሜዳው ላይ ነው። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅና የኦቦ ገመዳን ሳል የሰማ ሰው የነገሩን ክብደት አያጣውም። እሳቸው ከሄዱ ተረቱም አብሮ እንደሚሄድ ለእኔ ወዲያው ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ኦቦ ገመዳ እንቆቅልሹን ጠይቀው ወደ ሰብለ ጆሮ ጎንበስ ይላሉ፤ እሷም መልሱን ትጮኻለች። የመጀመሪያው ምሽት ዘለለች፣ ጨፈረች። በማግስቱ ተቀምጣ መለሰች። በአራተኛው ቀን እያዛጋች። የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ፣ ዓይናችን ፍም መስሎ የምንጠብቀው እኛ የማናውቀው መሆናችን ያኔም ይገርመኝ ነበር። በመጨረሻ «ሰለቸኝ፣ ነገ አልመጣም» አለች። እሷ ካልመጣች ደግሞ ግራዝማች ለእኛ ብለው ሽማግሌውን እሳት ዳር አያስቀምጡም።

ኦቦ ገመዳ ፍሙን ቆሰቆሱ።

«አንዲት ብቻ። እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልዎ!» አልን።

«ጠዋት ከእኔ ይረዝማል፣ ቀትር ላይ እግሬ ሥር ይገባል፣ ብረግጠው አያመውም።»

እንደ ልማዳቸው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። ሰብለ ግን አልጮኸችም። አፍጥጣ አየቻቸውና ተነሥታ ወጣች። እኛም አቅቶን አገር እንስጥ ስንል «ዛሬ አገር አልቀበልም» አሉን።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሰብለን የታጨደው ሜዳ መሃል አየኋት። ብቻዋን አቀርቅራ ወደፊት ትዘላለች፣ ወደኋላ ትዘላለች፣ መሬቱን በቀይ ጫማዋ ትረግጣለች። ድንገት ሳቀች። ሮጣ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ።

«ጥላ ነው! ጥላ!»

«ትናንት አልነገሩሽም እንዴ?»

«‹ለእኔም ጠፍቶኛል፤ ካገኘሽው አንቺ ንገሪኝ› ነው ያሉኝ።»

ፈራሁ። ለአባቷ ብትናገርስ?

ማታ ግራዝማች በሩ ላይ ቆሙ። «ሰብልዬ፣ ትናንት ዝም አልሽ አሉ። መልሱን አልነገሩሽም?» ኦቦ ገመዳ ለመነሣት እንደሚሰናዳ ሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሰብለ ሽማግሌውን አየች፣ አባቷን አየች።

«ነግረውኛል፣ አባባ።»

ያን ስትዋሽ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ቀይ ጫማው የመጣ ዕለት አላየሁትም። አባቷ ሲሄዱ ወደ ኦቦ ገመዳ ጆሮ ተጠግታ አንሾካሾከች። እሳቸውም «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ! እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር» አሏት። በዚያ ምሽት የተነገረውን ተረት ረስቼዋለሁ፤ መነገሩን ግን አልረሳሁም።

ግራዝማችን ክፉ ነበሩ አልልም። እናቴ እንደምትለው በሰው ቤት ፍርፋሪ ጠብቀው ያደጉ ናቸው፤ ልጃቸው አንድም ነገር እንዳትጠብቅ ፈለጉ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ተዳርኩ፤ ዛሬ ቡራዩ ነው የምኖረው። ባለቤቴ በጭነት መኪናው ቀንቶታል፣ ልጃችንም የጠየቀውን አይነፈግም። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ትናንት ማታ ግን ያቺኑ የጥላ እንቆቅልሽ ልጄን ጠየቅሁት። አቃተው።

«እማዬ፣ ንገሪኝ!» እግሩን መሬት ላይ ደበደበ።

«ንገሪው እንጂ፣ ምን ታስለቅሺዋለሽ?» አለ አባቱ።

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ኦቦ ገመዳን ያን ምሽት ምን ያህል እንደከበዳቸው ያኔ አልገባኝም ነበር።

«ለእኔም ጠፍቶኛል» አልኩት።

አኩርፎ ተኛ። እኔ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ነገ ደመና እንዳይሆን ብቻ ነበር የፈራሁት።