ከቤታችን አልወጣ ያለው ዳማ

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። የሰው ቤት ሲያሳምር ውሎ የራሱን ቤት በጨዋታ ሰሌዳ ያጨናነቀ ሰው። ዳማው፣ ቼዙ፣ ሉዶው፣ ዶሚኖው፤ ሣጥኑ የተቀደደ፣ ጠጠሩ የጎደለ፣ ሁሉም መጠጊያው እኛ ቤት ነው። የጎደለውን ጠጠር ከሶፋ በተረፈ ቆዳ እየቆረጠ ይተካዋል። "ጣለው" ካልኩት አኩርፎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ያገባሁት ሰው ነው ወይስ መጋዘን እላለሁ። ሲስቅ ሳየው ደግሞ ንዴቴ የት እንደሚገባ እንጃ።

ዘንድሮ ግን ልጃችን ከአራስ ልጇ ጋር እኛ ዘንድ ልትከርም ሆነና ጨዋታዎቹ የሞሉት ክፍል ይለቀቅ አልኩ። ለልጅ ልጁ ሲል እሺ አለ። ቼዙን ለጎረቤታችን ለመካኒኩ፣ ሉዶውን ለእህቱ ልጆች፣ እንዲህ እያለ ሸኛቸው። ሲያወጣቸው አንዳንዱን ይስማል፤ የማላየው መስሎት።

የቀረው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይጫወትበት የነበረው ዳማ ነው። እነሱ ሕግ ነበራቸው፤ የተሸነፈ ሰሌዳውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ይዞት መጥቶ ብድሩን ይመልሳል። ዕድሜ ልካቸውን ሲያመላልሱት ኖሩ። በመጨረሻ ወንድምየው አልጋ ላይ ሆኖ አሸነፈውና ባሌ ሰሌዳውን ይዞ መጣ። ብድሩን ሳይመልስ ወንድሙ አረፈ።

"ለእትዬ እንስጣቸው፤ የባላቸው መታሰቢያ ነው" አልኩት። እትዬ የምንላቸው የወንድሙን ሚስት ነው።

"ሕጉ አይፈቅድም። ከዚህ ቤት የሚወጣው በእኔ የተሸነፈ ሲወስደው ነው። ደግሞም ብድሬን ሳልመልስ ጨዋታው መቼ አለቀ?" አለ።

ይሁን ብዬ መካኒኩን ጠራሁ። ባሌ ተሸነፈ። ፀጉር አስተካካዩን ጠራሁ፤ ለእሱም ተሸነፈ። በዳማ ሠፈር ያስለቀሰ ሰው! ሆን ብሎ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ማንን ነው የምታሞኘው?" ስለው ጠጠሩን መሰብሰብ ጀመረ።

ነገሩን ለእትዬ አጫወትኳቸው። በማግስቱ መጥተው ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ "እኔን ግጠመኝ" አሉት። ጠጠር በወጉ መግፋት እንኳ አይችሉም። እሱ ሰሌዳው እንዳይወጣበት፣ እሳቸው ይዘውት ሊሄዱ፣ ሁለቱም ለመሸነፍ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ዳማ ላይ የቀረበልህን አልበላም ማለት የለም፤ እሱ ያቀርባል፣ ሳይወዱ ይበላሉ፤ እሳቸው ያቀርባሉ፣ እያጉረመረመ ይበላል። እኔ ሳቄን አፍኜ ቆሜያለሁ።

ጠጠሩ ሊያልቅ ሲቃረብ እትዬ እጁን ያዙት።

"ወንድሜ፣ ብቻዬን ነው የማመሸው። የወንድምህ እጅ የነካው ነገር እኔም ጋ ይኑር እንጂ።"

ባሌ መሸነፊያውን አይቶታል፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ በሌላው በኩል ገብቶ የቀራቸውን በላቸው።

"አሸነፍኩዎት፣ እትዬ" አለና ሰሌዳውን ወደ እሳቸው ገፋው።

ሰሌዳውን በብብታቸው ይዘው ሲሄዱ እስከ በር ሸኛቸው። ተመልሶ ባዶው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አለ።

"ወንድሜ ገና ዛሬ ሞተ" አለኝ።

በቀብሩ ቀን አንዲት እንባ ያላወጣው ሰው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አንጀቴን በላው። ለልጃችን ላነጥፍ የያዝኩትን አንሶላ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አልጋው ለነገ ይደር አልኩ።