መሬት ለኪዋ ልጄ፦ ከሞጆ እስከ አቃቂ

ማክሰኞ ጠዋት ከሞጆ በባቡር የተነሳሁት ልጄን ጽጌን ወደ ቤት ለመመለስ ነበር። ከእርሻ ትምህርት ቤት ተመርቃ፣ ለዚያው ትምህርት ቤት አቃቂ ላይ በሙከራ ተቀጥራለች። "አባዬ፣ ከአፈር የሚወጣውን አየር እለካለሁ" ብላ ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በራሴ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ ራሴን እጠረጥራለሁ። በሦስተኛው ግን ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ወሰንኩ። ዕድሜዬን በእህል መጋዘን ሚዛን ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። ሚዛን ላይ የማይቀመጥ ነገር እለካለሁ የሚል ወይ ተታሏል ወይ ያታልላል። ልጄ ከሁለቱ አንዱንም እንድትሆን አልፈልግም።

በሦስተኛ ማዕረግ፣ በዶሮ ቅርጫትና በሽንኩርት ጆንያ መሀል ተቀመጥኩ። ደብረ ዘይት ላይ ባቡሩ ብዙ ስለቆመ በመስኮት ሻይና ዳቦ በስሙኒ ገዛሁ፤ ዳቦው የትናንት ነበር። ከዱከም በኋላ የረር ተራራ በስተቀኝ ታየ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በየመሀሉ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ጠግቦ ያብረቀርቃል። ከዚህ ጭቃ ውስጥ ምን አየር ይወጣል እያልኩ እየተመለከትኩት ሄድኩ።

አቃቂ፣ አራት ሰዓት

ከጣቢያው ወርጄ የጨርቅ ፋብሪካውን አጥር ተከትዬ ወደ ወንዙ አቀናሁ። መንገዱ ዋልካ ነው፤ ጫማዬ በየእርምጃው ይከብዳል። ከአንድ ማሳ ዳር አጥር የሚጠግኑ ሽማግሌ አገኘሁና ጽጌ የምትባል ልጅ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ያቺ ጣሳ የምትደፋዋ?" ብለው ሳቁ። "እንዴት አላውቅ! መሬቴ ላይ አይደል የምትደፋው? እኔ ቱሉ እባላለሁ። እርስዎስ?"

"አባቷ ነኝ።"

"እንግዲያው ይንገሩኝ። እሷ ስትነግረኝ አልገባኝም። ምንድን ነው ሥራዋ?"

እኔም አልገባኝም ማለት አሳፈረኝ።

"መሬት ትለካለች" አልኳቸው ኮራ ብዬ።

ሳቃቸው ቆመ። በጣታቸው አቅጣጫውን አሳዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ጽጌን ጉልበቷ ድረስ በጭቃ ተለውሳ አገኘኋት። ስድስት የዘይት ጣሳዎች በአፋቸው ተደፍተው አፈሩ ውስጥ ገብተዋል።

"ከጣሳው ስር ምን አለ?" አልኳት።

"ብርጭቆ። ብርጭቆው ውስጥ የአመድ ውሃ የመሰለ ነገር አለ። ከአፈሩ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ይይዝልኛል።"

"አፈር አየር ከየት ያመጣል?"

"ሥር አለው፣ ትል አለው፣ በዓይን የማይታዩም አሉ። ሁሉም ይተነፍሳሉ፣ አባዬ።"

እጄን አፈሩ ላይ አደረግኩ። ቀዘቀዘኝ እንጂ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ከጣቢያው ፊት ካለች ምግብ ቤት ምስር ወጥ በላን። የመጣሁበትን ነገርኳት። ልጄ አትጮህም። "ጣሳዎቹ እስከ ነገ እኩለ ቀን መቆየት አለባቸው። ሐሙስ ውጤቱን ለአለቃዬ ካቀረብኩ ቅጥሬ ይጸናል። ካላቀረብኩ ያሰናብቱኛል፤ ያኔ እከተልዎታለሁ" አለች። ተስማማሁ።

ማሳው ላይ፣ ስምንት ሰዓት

ስንመለስ ስድስቱም ጣሳዎች ተነቅለው መንገድ ዳር ተከምረዋል። ብርጭቆዎቹ ተደፍተዋል። ኦቦ ቱሉ አጠገቡ ቆመዋል።

"ኦቦ ቱሉ፣ ምነው?" አለች ጽጌ።

"መሬት ለኪ ነሽ አሉ።"

"ማን አለ?"

ወደ እኔ አዩ፤ ቶሎ ብለውም ወደ ፋብሪካው ዞሩ። "ሰው ነዋ" አሉ። አባትን በልጁ ፊት ላለማዋረድ ነበር። በዚያ ቀን በትክክል የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ዝም ብል ልጄ ከእኔ ጋር ትሳፈራለች። ይህን አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ጽጌ ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎቹን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መሬት ትለካለች ያልኩት እኔ ነኝ።"

ኦቦ ቱሉ ወደ ፋብሪካው አጥር ጠቆሙ። "ያ የወንድሜ ማሳ ነበር። ገመድ ይዘው መጡ፤ ለኩና ሄዱ። በዓመቱ አጥር መጣ።"

"እሷ የምትለካው መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣውን ነው" አልኳቸው።

"የሚወጣውን? ይሄማ ባሰ! ግብር ልትጨምሩብን ነው?"

ጽጌ ሳቋ አመለጣት። "አባዬ፣ በፈጠረዎት፣ እርስዎ አይናገሩ።"

ከሣጥኗ አንድ ብርጭቆ አውጥታ የቀጠነ የአመድ ውሃ ቀዳችበትና ከትንሽ ጠርሙስ የመድኃኒት ጠብታ ጨመረችበት፤ ሮዝ ሆነ። የስንዴ አገዳ ሰጠቻቸው። "ይንፉበት። እንዳይስቡት፣ ያቃጥላል።" ጉንጫቸውን ነፍተው ደጋግመው ነፉ። ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

"የት አደረግሽው?"

"ትንፋሽዎ ነው ያጠፋው። አፈርዎም እንዲሁ ይተነፍሳል። ምን ያህል እንደሆነ ነው የምለካው።"

"ለማን ትነግሪያለሽ?"

"ለትምህርት ቤቱ።"

"እነሱስ ለማን?"

"እሱን እኔም አላውቅም" ብላ ቁጥር የምትጽፍበትን ደብተር አወጣች። 

ኦቦ ቱሉ ደብተሯን ተቀብለው ለእኔ ዘረጉልኝ። "ስሜ አለበት? አንቱ ያንብቡልኝ። አንቱ በራስዎም ላይ ቢሆን እውነቱን ይናገራሉ።"

ነበረበት። "የኦቦ ቱሉ ማሳ" ይላል፣ ሁለት ቦታ። ሁለቱንም አነበብኩላቸው። ጽጌ ስማቸውን ሰርዛ "ማሳ ሁለት" ብላ ጻፈች። ያንንም አነበብኩ። ከዚያ ጽጌ ብርጭቆዎቹን እንደገና ሞላች፤ ኦቦ ቱሉም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ተቀብለው በተረከዛቸው እየረገጡ ራሳቸው ተከሉ።

መመለሻ

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ጣሳዎቹ ተነሱ። ጽጌ እያንጠባጠበች ለካች፤ ቁጥር ጻፈች። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ አልኳት። "ገና አላወቅኩም" አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ኪሎ ስጠራ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ማለት የነበረብኝ ቀን ግን ብዙ ነው። በማግስቱ ቅጥሯ ጸና፤ ብቻዬን ተሳፈርኩ።

የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። አንድ ቃል ከአፌ ትክክል ሆኖ ወጥቶ ሰው ጆሮ ውስጥ አጥር ሊሆን ይችላል። የአየሩን ነገር ግን አሁንም አልተረዳሁትም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከኋላዬ ጽጌን ፈለገች። "ልጅቷስ?"

"ሥራዋ ላይ ናት።"

"ምንድን ነው ሥራዋ?"

ጎረቤቶቻችን ጭሰኞች ናቸው። መልስ ከመስጠቴ በፊት በሩን ገርበብ አድርጌ ደጅ ማን እንዳለ አየሁ።