ያልተውኩት ድርሻ

አባታችን ሲሞት መጋላ ሰፈር ካለው ቤቱ ድርሻዋን ለወንድሟ ተወች ተባለብኝ። አልተውኩም። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም እንዲያውቁት ጽፌ አኖራለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ኑዛዜ ላስጽፍ ከዚራ ሰፈር መሄዴ ነው። ጸሐፊዋ የነገርኳትን ጽፋ በአራት ምስክሮች ፊት አነበበችልኝና ልክ ነው ወይ አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«በአፍዎ ይናገሩ እንጂ፣ እናቴ። ምስክሮቹ መስማት አለባቸው» አለች።

የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። እኔን በዚያን ቀን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ገና አልተዳርኩም። የአባቴ ሰደቃ የወጣ ዕለት ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው እግር በሚያቃጥልበት ወራት። እኛ ሴቶቹ ጓሮ ሩዝና የፍየል ሥጋ ስናበስል ውለን፣ ልብሳችን ሁሉ ሄልና ቅርንፉድ ይሸታል። ወንዶቹ ከውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ አስጠራኝና ትሪ እንደያዝኩ ገባሁ። ቤቱን ወንድምሽ ሁሴን ይያዘው፣ አንቺ ነገ ባልሽ ቤት ትገቢያለሽ፣ ድርሻሽን ትተሽለታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁሴንን አየሁት። ይናገርልኛል ብዬ ነበር፤ እሱ አቀርቅሮ ሩዙን ያኝካል። ያን ሁሉ ጢም ፊት ለፊቴ ሳይ ምላሴ ተሳሰረ።

«የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው» አለ አጎቴ። ሁሉም ሳቁ፤ ፋቲሃ ቀርተው ዱዓ አደረጉ፤ አለቀ።

ያ አባባል የኒካህ ነው። ልጃገረድ ትዳር ተጠይቃ አፍራ ዝም ስትል ይባላል እንጂ ለቤት አይባልም። ጓሮ ተመልሼ ይህንኑ ብናገር እናቴ ሻሼን ጎትታ፣ ወንድምሽ ጀርባሽ ነው፣ ዝም በይ አለችኝ።

ባሌ ሞቶ ልጆቼን ይዤ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስዞር ነው ሕጉን የጠየቅኩት። በሸሪዓው የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው፤ በመንግሥት ሕግ እኩል ነው። ባዶ እጇን ትውጣ የሚል ግን የትም የለም። ልተው ካለችም ራሷ ተናግራ ነው። ይህን ሳውቅ ቤቱ ተሽጦ፣ ሁሴንም ከከተማው ወጥቶ መልካ ጀብዱ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወቀስኩት ራሴን ነው። አፍ እያለኝ ምነው ዝም አልኩ? እሺ ያልኩ መስሏቸው ቢሆንስ? እንዲህ እያልኩ አረጀሁ።

ኑዛዜውን አስጽፌ ስወጣ በዚያው መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ሁሴን ደጁ ላይ ጥላ ስር ተቀምጧል። ዘይቱን አስመጣልኝ፤ አልነካሁትም።

«አቦ ዘሃራ፣ ዛሬም አልረሳሽም? ሁለታችንንም እኮ አፈር እየጠራን ነው» አለኝ ነገሩን ሳነሳበት።

«እንግዲያው ሳትሄድ ንገረኝ። ያን ቀን አንተ ራስህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም።

«እንቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር» አለ።